ተደራሽ ስብሰባ

ተደራሽ ስብሰባ ማለት አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ማንኛውም ተሰብሳቢ ገብቶ መከታተል፣ ሐሳቡን መግለጽና ድምፅ መስጠት እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀ ስብሰባ ነው። ጉዳዩ አዳራሹን ብቻ ሳይሆን የጥሪ ደብዳቤውን፣ አጀንዳውንና ቃለ ጉባኤውንም ይመለከታል።

ሕግ

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 21 መረጃ ስለ ማግኘት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል።

የምልክት ቋንቋ

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። በመሆኑም መስማት ለተሳነው ተሰብሳቢ ጽሑፍ ማደል ብቻውን አስተርጓሚን አይተካም። ማስተርጎም አድካሚ ስለሆነ በረጅም ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚዎች ይመደባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይፈራረቃሉ። አስተርጓሚው ብርሃን ባለበት፣ በተናጋሪው አጠገብ ይቆማል። ተናጋሪው የሚያነጋግረው ግን አስተርጓሚውን ሳይሆን ራሱን ተሰብሳቢውን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ ትርጉሙ ይቋረጣል።

ጽሑፍና ሰነድ

ዓይነ ስውራን ሰነድን በብሬል ወይም በኮምፒውተር ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም ያነባሉ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በስካነር የተነሣን ገጽ እንደ ፎቶ እንጂ እንደ ጽሑፍ አያየውም። በአማርኛ ሌላም ችግር አለ፦ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደልን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ደብዳቤ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ሲነበብ ትርጉም የለሽ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ አጀንዳው በዩኒኮድ ተጽፎ ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብሎ መላክ አለበት፤ በዕለቱ በወረቀት የሚታደል ሰነድ ለዓይነ ስውር ተሰብሳቢ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

በስብሰባው ላይ

ተናጋሪ ሁሉ ስሙን አስቀድሞ ይናገራል፣ ስላይድ ላይ ያለውንም በቃል ይገልጻል። በትንሽ ክፍልም ቢሆን ማይክሮፎን አይታለፍም፤ «ድምፄ ይሰማል» የሚለው ተናጋሪ፣ መስማት የሚቸግረው ሰው ከኋላ ተቀምጦ እንደሆነ አያውቅም። እጅ በማውጣት ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢው የደገፉትን፣ የተቃወሙትንና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉትን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል።