ባትሪው ሞቷል ያለው ማን ነው?

የመኪና ባትሪ መግዛት የደመወዝተኛን የወር ገቢ በሚያናጋበት ከተማ «ሞቷል፣ ጣለው!» የሚለው ቃል ቀላል ፍርድ አይደለም። ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በብልጭታ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቪቴውን በፖዘቲቭና በኔጋቲቩ ላይ ያጋድመዋል፤ ከፈነጠቀ «አለ»፣ ካልፈነጠቀ «የለም»። ይህን በአዲስ አበባ ጋራዦች ደጃፍ ስንት ጊዜ ቆሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። ለመሆኑ ባትሪን ስለ ጤንነቱ የመጠየቂያው መንገድ ይህ ብቻ ነበር ወይ? እያልኩ ታሪኩን ማገላበጥ ያዝኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሁለት የእርሳስ ዝርግ ብረቶችን እንዳይነካኩ ለይቶ ጠቀለለና ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ ባትሪ እንዲህ ተገኘ። ካሚል ፎር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 የእርሳስ ውህድ ለጥፎባቸው የሚይዙትን ኃይል አበዛው።

ለእኔ ትልቁ ዓመት ግን ቀጥሎ ያለው፣ 1882 ነው። ግላድስተንና ትራይብ የተባሉ እንግሊዛውያን ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ አሲዱ ከሁለቱም ዝርጎች ጋር ተዋህዶ የእርሳስ ሰልፌት እንደሚሆን፣ ውሃም እንደሚፈጠር አስረዱ። እንግዲህ ባትሪ በደከመ ቁጥር ፈሳሹ ይቀጥናል ማለት ነው። የፈሳሽን ውፍረትና ቅጥነት መለካት ደግሞ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። የቀሬናው ሲኔስዮስ እ.ኤ.አ. 400 ገደማ ለእስክንድርያዋ ፈላስፋ ለሂፓሺያ በጻፈላት ደብዳቤ እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ መለኪያ እንድታሠራለት ለምኗል። ወተት ውሃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ የሚያጋልጠው መሣሪያም የዚሁ ዘር ነው።

የባትሪው ሃይድሮሜትር መምጠጫ ላስቲክ ያለው የመስታወት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ቁጥር የተጻፈበት ተንሳፋፊ አለ። ንጹህ ውሃ 1.000 ከተባለ የሙሉ ባትሪ አሲድ 1.265 አካባቢ፣ የባዶው 1.120 አካባቢ ያነባል። የመሣሪያው ትልቅነት ስድስቱን ሴሎች አንድ በአንድ መጠየቁ ነው። ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው ተርቧል እንጂ አልሞተም፤ ቻርጅ ይደረግ። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ በ0.050 ያህል ወደ ኋላ ከቀረ ግን በሽታው እዚያው ሴል ውስጥ ነው። ብልጭታ ይህን አይለይም። ግማሹ የወረደ ባትሪም አሳምሮ ይፈነጥቃልና!

እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን ሞተሪኖ ይዞ ወጣ። በእጅ ብረት እያዞሩ ማስነሳት ቀረ፣ ባትሪውም በአንድ አፍታ በመቶ የሚቆጠር አምፔር መስጠት ግዴታው ሆነ። ስለዚህ እያሠሩ መፈተን መጣ። ያኔ የሴሎቹ ማገናኛ እርሳስ ከላይ የተጋለጠ ስለነበር ሹካ የመሰለ መለኪያ ይሰኩበትና ከባድ ኃይል እየሳቡ ያነቡ ነበር። ይህ ምርመራ እውነተኛ ነው፤ ጣጣው ብልጭታው ከሴሎቹ መተንፈሻ አፍ ላይ መሆኑ ነው።

ባትሪ ሲሞላ ከውሃው ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይወጣሉ። አየር ውስጥ 4 በመቶ ሃይድሮጅን ካለ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ፈንድቶ የሚረጨው ደግሞ አሲድ ነው፤ አሲድ ዓይንን አይምርም። መነጽር ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ ሲጋራ ማጥፋት፣ ሲፈቱ ኔጋቲቩን ማስቀደም፣ ሲያስሩ ኔጋቲቩን ማስከተል፣ ውሃ አጠገብ ማኖር፣ ይኸው ነው። ከዓይን ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የታሸጉ ባትሪዎች በረከቱና የሃይድሮሜትሩ በር ተዘጋ። አንዳንዶቹ ክዳናቸው ላይ አረንጓዴ «ዓይን» አላቸው፤ እሱም ከስድስቱ ሴሎች አንዱን ብቻ የሚያይ ዓይን ነው። ለተራው ሰው የቀረው ቴስተር ነው፤ መናቅም የለበትም። ጥቂት ሰዓት ባረፈ ባትሪ ላይ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ቢወርድ ሙሉ ነው የተባለውም ባትሪ ያሳስባል። ሞተሩ ተነስቶ ንባቡ ወደ 14 አካባቢ ካልወጣ ግን ባትሪው ያለ ጥፋቱ እየተከሰሰ ነው፤ መመርመር ያለበት ዲናሞውና ቀበቶው ነው። የባትሪው ማሰሪያ ነጭ ዝገት ይዞ፣ ወይም ላልቶ፣ ስንቱ ደህና ባትሪ ለቁራሌው ተሸጧል!

ኪት ቻምፕሊን የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በ1970ዎቹ ያመጣው ዘዴ ደግሞ በባትሪው ውስጥ ጥቂት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ልኮ ምን ያህል እንዳሳለፈው ይለካል። ከባድ ኃይል መሳብ የለ፣ ብልጭታ የለ። የዛሬዎቹ ትንንሽ የእጅ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ይህ ጣጣ የሚያበቃ የመሰላቸው አሉ። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንዲት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ። እሷ ከወረደች ትልቁ ጢም ብሎ ቢሞላም መኪናው አይነቃም፤ «ግፉልኝ» ብሎ ማስነሳትም የለም።