የመራዊ ውሃና የሚነዝረው ብረት

ከመራዊ ወጣ ብሎ ግልገል ዓባይን በእግሩ የተሻገረ ሰው ያውቀዋል፤ ዱላውን ወንዙ መሀል ሲተክል ዱላው እጁ ውስጥ ይርገበገባል። ውሃው በዱላው ግራና ቀኝ ተራ በተራ ትንንሽ አዙሪት እየፈጠረ ሲላቀቅ፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይጎትተዋል። ቴዎዶር ፎን ካርማን እ.ኤ.አ. በ1911 በሒሳብ የተነተነው ይህንኑ ነው፤ የእረኛ እጅ ግን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ያ ውሃ ረጅም መንገድ አለው። ቆጋ ግድብ ለ7,000 ሄክታር መስኖ ታስቦ ከተሠራበት ወንዝ የተረፈው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል። ከጣና አንዱ መንገድ በጢስ ዓባይ ነው፤ በ1950ዎቹ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ቆመበት፣ በ1990ዎቹ ትልቁ ተከተለ። ሌላው መንገድ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ነው፤ ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ከመሬት በታች 4 የፍራንሲስ ተርባይኖችን ያዞራል፣ 460 ሜጋ ዋት። ሁለቱም መንገዶች ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጀርባ ይገናኛሉ።

የፍራንሲስ ተርባይን ጸባዩ የሚያስደንቅ ነው። ሙሉ ጉልበቱን ሲጠየቅ ውሃው ቀጥ ብሎ ይወርድለታል። ግማሹን ብቻ ሲጠየቅ ግን ውሃው እየተሽከረከረ ይወጣና ከሥሩ ባለው መውጫ ቱቦ ውስጥ እንደ ተጠማዘዘ ገመድ ያለ አዙሪት ይሠራል። ገመዱ ከተርባይኑ ዙረት በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ያህል ዘግይቶ እየዞረ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ግፊቱ ወደ ዘንጉና ወደ ኩሽኔታው ይወጣል፣ መስመር ላይ ያለውን ኃይል ሳይቀር ያወዛውዛል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራይንጋንስ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለዚሁ ውዝዋዜ ጽፏል።

ንዝረት ሲናቅ የሚሆነውን ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሳይቤሪያ አየች። በሳያኖ ሹሸንስካያ ጣቢያ የ2ኛው ተርባይን ክዳን የታሰረባቸው ብሎኖች ከብረት ድካም የተነሳ ተሰነጣጥቀው ነበር። ክዳኑ ተነቅሎ ወጣ፣ ውሃው አዳራሹን ሞላው፣ 75 ሰዎች ሞቱ።

እኛ ዘንድ ማታ ምጣዱ ሁሉ ይጣዳል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ፍላጎቱ ይወርዳል፤ ልዩነቱን የሚሸከሙት በአብዛኛው የወንዞቻችን ተርባይኖች ናቸው። ስዊዘርላንድ ሻፍሃውዘን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ትርፍ ኃይል ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ኃይል ሲፈለግም ውሃው ተመልሶ ይለቀቃል። እንዲህ ያለ ጣቢያ የለንም፤ ቢኖረንም አንዱ መኪና ፓምፕም ተርባይንም ሆኖ ስለሚሠራ ንዝረቱ እጥፍ ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ የጣና በለስን አራት ተርባይኖች በግማሽ ከማስሮጥ ሁለቱን በሙሉ አሠርቶ የቀሩትን ማሳረፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ግማሽ ላይ መቆየት ግድ ሲሆን ደግሞ ባለሙያዎች ከዘንጉ ሥር አየር ያስገባሉ። አየሩ ገመዱ መሀል ሲገባ ድብደባው ይለዝባል፣ ጉርምርምታውም ዝቅ ይላል።