የሕፃናትን የአእምሮ ሕመም ስለ መመርመር

በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ለመጠመቅ ከሚመጡት ምእመናን መካከል ልጆቻቸውን ታቅፈው ዳገቱን የሚወጡ ወላጆች አይታጡም። አንዱ ልጅ ድንገት ይወድቃል፤ ሌላው አፉን ሳይፈታ ዓመታት አልፈውታል። ሐኪም ቤት ቢሄዱም እናቲቱ የምትናገረው ይህንኑ ነው፤ ጠያቂው ግን ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ዕውቀት ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ እንጽፋለን፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1968 በጊዮን ስለሚደረገው የእምነት ፈውስ፣ በ1969 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የጠባይ መታወክ ጥናት አሳተሙ። በኋላም እኒሁ ሰው በሱዳን፣ በፊሊፒንስ፣ በሕንድና በኮሎምቢያ በተደረገውና በ1981 በታተመው ጥናት ተካፈሉ። በዚያ ሥራ ላይ የዋለው መጠይቅ ለወላጅ የሚቀርቡ ዐሥር ጥያቄዎች ብቻ ነበሩት፤ ልጁ እንቅልፍ ይነሣዋልን? ያለ ምክንያት ይፈራልን? ከቤት ይጠፋልን? የሚሉትን የመሳሰሉ።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን በአማኑኤል ሆስፒታል በ1987 ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት በ2003 ተከፈተ። በመካከሉ ሁለት ጥናቶች ወጡ። በአምቦ አውራጃ በዐሥሩ ጥያቄዎች የተደረገውና በ1999 የታተመው ከመቶ 17.7 የሚሆኑት ሕፃናት የጠባይ መታወክ እንዳለባቸው ሲገልጽ፣ በቡታጅራ በረዥም የምርመራ ቃለ መጠይቅ የተደረገውና በ2001 የታተመው ከመቶ 3.5 ብቻ አገኘ።

የአምቦ ልጆች ከቡታጅራዎቹ አምስት እጥፍ ታመዋል ማለት ነውን? እኛ እንዲህ ብለን አናምንም። ዐሥሩ ጥያቄዎች ወንፊት ናቸው፤ የሚያጠራጥረውን ሁሉ ይይዛሉ። ረዥሙ ቃለ መጠይቅ ግን እያንዳንዱን ምልክት ከነዘመኑና ከነብርታቱ የሚመዝን ሚዛን ነው። ሁለቱን ያልለየ ሠራተኛ በወንፊቱ የቀረውን ሕፃን ሁሉ በሽተኛ ብሎ ይመዘግባል፤ በአንድ ልጅ ላይ የተለጠፈ የእብደት ስም ደግሞ በሰፈር ውስጥ በቀላሉ አይፋቅም።

ከዚህም ሌላ የቋንቋ ነገር አለ። ከሰው የሚሸሸውንና ድምፁ የማይሰማውን ልጅ ቤተሰቡ «ጭምት ነው፤ ጨዋ ነው» ብሎ ያመሰግነዋል እንጂ ሐኪም አያሳየውም። «ይፈራልን?» ተብላ የተጠየቀች እናትም ልጇ ታላላቆቹን ማክበሩን ቈጥራ «አዎን» ልትል ትችላለች። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መመለስ አይበቃም፤ ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱን ልጅ ለየብቻ መርምረው መልሳቸውን ማስተያየት፣ የተለያዩበትንም ጥያቄ በአስተማሪያቸው ፊት መከራከር ይገባቸዋል። ይህ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በመሆኑ ችኩል አሠልጣኝ ቶሎ የሚዘለው እርሱን ነው።

የሠለጠነው ጠያቂ ከእንጦጦ የወረደችውን እናት «ወደ ጸበል ወስደሽዋል?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቃታል። ካፈረች ጸበሉን ትሸሽጋለች፤ ከጸበሉም ጋራ ልጁ መውደቅ የጀመረበትን ወርና ያቋረጠችውን መድኃኒት ሳትነግረው ትቀራለች።