ወንጀልና የዕድሜ ዘመን

የወንጀልና የዕድሜ ዘመን ጥናት፣ የሰው ልጅ ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና ወደ በደል የሚገባበትንና ከበደል የሚመለስበትን ምክንያት የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስረዳችው፣ ብዙዎች በጉርምስና ወራት ብቻ ሲያጠፉ፣ ጥቂቶች ከሕፃንነት ጀምረው በጥፋት ይጸናሉ፤ የወንጀል ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሳምፕሰንና ጆን ላውብም የ500 የቦስተን ጥፋተኛ ልጆችን ታሪክ እስከ 70 ዓመት ዕድሜያቸው ተከታትለው፣ ጋብቻና የጸና ሥራ ብዙዎችን እንደ መለሱ አሳይተዋል።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከኃላፊነት ነጻ ያደርጋል፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋር እንዳይታሰር ያዝዛል።

በአዲስ አበባ በጉለሌ፣ ይልቁንም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በሰፈሩበት በሽሮ ሜዳ፣ የሽመና ሥራ ለጎልማሳው ገቢን፣ ሥርዓትንና ተቆጪ አለቃን በአንድነት ስለሚሰጥ ሳምፕሰንና ላውብ እንዳሉት የጸና ሥራ ሊቈጠር ይገባዋል፤ ከወላጆቹና ከትምህርቱ ተነጥሎ ለሸማ የተዳረገው ሕፃን ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ራሱ የተበደለ ነው።