ምራቅ ሳይደርቅ ደርሶ መመለስ

«ሰፈር» የሚለው ስም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡ በአንድ በኩል ዘማች ወይም መንገደኛ ድንኳኑን ተክሎ ማረፉን፣ በሌላ በኩል ደግሞ እህል በቁና መለካቱን ያመለክታል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ታሪክ ለሁለቱም ትርጉሞች ይስማማል፤ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ በታች ስትቆረቆር፣ ቤተ መንግሥቱን መካከል አድርገው በየኮረብታው የተቀመጡት መኳንንት ወታደራቸውን፣ አሽከራቸውንና እንጀራ ጋጋሪያቸውን በዙሪያቸው አስከትለው በጦር ሰፈር ወግ ሰፈሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዘመን ሲደርስ ደግሞ ያው ቦታ በቁና እንደ ተሰፈረ ጤፍ ጢም ብሎ ሞላ። ሀብታሙ በአንድ ጥግ፣ ድኻው በሌላ ጥግ የሚኖርበት ከተማ ሳይሆን፣ የባለ ፎቁ ቤት አጥር ለጠላ ሻጯ የጭቃ ቤት እንደ አንድ ግድግዳ የሚያገለግልበት ከተማ ሊሆን የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሰፈር ልጅነት ጨዋታም፣ ሳቅም፣ ቅጣትም መነሻው ይኸው መጠጋጋት ነው።

ሰፈርተኛው በራሱ ላይ መሳቅ የጀመረው ገና ስም ሲያወጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር በሰፋሪው መኰንን፣ ሠራተኛ ሰፈርና ዘበኛ ሰፈር በነዋሪው ሥራ ሲጠሩ፣ የቀሩት ስማቸውን ያገኙት ከሐሜትና ከቀልድ ነው። እሪ በከንቱ የተባለው ሰፈር ስሙ ራሱ፣ በዚያ የተዘረፈ ሰው ቢጮህም ደራሽ እንደማያገኝ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ዶሮ ማነቂያ ለስሙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስልም፤ ሰባራ ባቡር ደግሞ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዝያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ተሰብሮ የቀረበት ቦታ ነው ይባላል። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በቆዩባቸው አምስት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ቃል በአዲስ አበቤ አንደበት ተለስልሶ «ካዛንቺስ» ሲሆን፣ ለተራው ሠራተኛ የተሠሩት ቤቶችም «ፖፖላሬ» ተብለው ቀሩ። እንዲህ ባለ ስም አወጣጥ ያደገ ልጅ ለጓደኛው ቅጽል ስም ለመስጠት ተጨማሪ ትምህርት አላስፈለገውም፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቅጽል ስምም ባለቤቱ ሚኒስትር ቢሆን እንኳ አይሻርም ነበር።

በሰፈሩ ውስጥ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። እንደ ዕድሜውና እንደ ጾታው «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ» ወይም «እማማ» የሚል ማዕረግ ከስሙ ይቀድማል፤ ከማዕረጉ ጋር ደግሞ ሁለት ሥልጣኖች ይከተላሉ፤ እነርሱም የመላክና የመቅጣት ሥልጣን ናቸው። ጎረቤት የቀጣው ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ አቤት ቢል እናቱ በመጀመሪያ «ደግ አደረጉ» ብላ ፍርዱን ታጸናለች፣ ቀጥላም ቤተሰቡን ስላዋረደ የራሷን ትጨምርበታለች፤ በመሆኑም ልምድ ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ዱላ በምሥጢር መያዝ ትርፍ እንዳለው ቶሎ ይረዳ ነበር።

የመላክ ሥልጣን ግን ከመቅጣቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ስልክ በጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረበት ዘመን የሰፈሩ የመገናኛ አውታር ልጅ ነበርና። ላኪዋ ልጁን ጠርታ ዕቃውን ከነገረችው በኋላ ከደጃፉ አፈር ላይ እንትፍ ትልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ትላለች፤ ምራቁ ሰዓትም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ሆነ ማለት ነው። የሥርዓቱ ጉድለት የአየር ጠባይን ከግምት አለማስገባቱ ነው፤ በመጋቢት ፀሐይ አቧራ ላይ የወደቀ ምራቅ ልጁ ከአጥሩ ሳይወጣ የሚደርቅ ሲሆን፣ በሐምሌ ጭቃ ላይ የወደቀው ግን እስከ መስቀል ቢቆይ የሚያደርቀው አያገኝም፤ ይህን ያስተዋሉ ልጆች በክረምት መላክን ይወዱ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ተላኪው የተነገረውን እንዳይረሳ «ሩብ ኪሎ ስኳር፣ የስሙኒ ሻይ ቅጠል» እያለ ጮክ ብሎ እየደገመ ይሮጣል፤ ነገር ግን ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ብይ የሚጫወቱ ልጆች ይኖራሉ፣ አንድ ዙር ቆሞ ያያል፣ በሁለተኛው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ከሱቁ ይዞት የሚመለሰው ሩብ ኪሎ ጨው ሊሆን ይችላል። (ስሙኒ 25 ሳንቲም ሲሆን፣ ሽልንግ ደግሞ 50 ሳንቲም ነው፤ ከነዚህ በላይ የሆነ ገንዘብ ለልጅ እጅ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ይሰጥ ነበር።)

ተላኪው የሚሄድበት ሱቅ በብዙ ሰፈሮች «አረብ ቤት» ይባል ነበር፤ ባለሱቆቹ ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ስለነበሩ ነው፤ በኋላ የጉራጌ ነጋዴዎች ቦታውን ሲተኩ ስሙ በአንዳንድ ሽማግሌዎች አንደበት ሳይለወጥ ቆየ። ለልጅ የሱቁ ዋነኛ መስሕብ «ምርቃት» ነበር። ምርቃት ሻጭ ከተገዛው በላይ በፈቃዱ የሚጨምረው ጥቂት ነገር ሲሆን፣ ለልጅ ሲሆን አንዲት ከረሜላ ናት፤ እርሷም በመንገድ ላይ ስለምታልቅ ላኪው ቤት የማይደርስ ብቸኛ ዕቃ ነበረች።

የሰፈር ልጆች መጫወቻ ለኢንዱስትሪ ታሪክ ጸሐፊ መልካም ማስረጃ ይሆናል። ገበጣ በመሬት ጉድጓድና በጠጠር ብቻ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ የጠርሙስ ክዳን ማለትም ቆርኪ በብዛት የተገኘው ግን ቢራና ለስላሳ መጠጥ በአገር ውስጥ ጠርሙስ መሞላት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቆርኪ በልጆች ዘንድ መገበያያ ገንዘብም መጫወቻም ሆነ፤ በድንጋይ ተጠፍጥፎ መሐሉ ከተበሳ በኋላ ክር ገብቶበት በሁለት እጅ ሲሳብ እየጮኸ ይሽከረከራል፣ በካርቶን ላይ በተሰመረ ዳማ ደግሞ የአንዱ ተጫዋች ጠጠሮች በጀርባቸው፣ የሌላው በሆዳቸው ተቀምጠው ይዋጋሉ። ሴቶች ልጆች መሬት ላይ አራት ማዕዘኖች ሥለው በአንድ እግር የሚዘሉት ሰኞ ማክሰኞ፣ ላስቲክ በሁለት ልጆች እግር ላይ ወጥረው የሚዘሉት ሱዚ፣ እንዲሁም አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ዶሮ ሲጮህ የተደበቁት ገና አለመንጋቱን የሚመልሱበት ኩኩሉ ወጪ የማይጠይቁ በመሆናቸው በሀብታምና በድኻ ልጅ መካከል ልዩነት አላደረጉም።

በኳስ ላይ ግን በባለቤቱና በሌላው ልጅ መካከል ልዩነት ይታያል። ኳሱ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ታጭቆ የተሰፋ ሲሆን፣ ቋንቋው የጣሊያን ውርስ ነበር፤ ምቱ «ካልቾ»፣ በግንባር መምታት «ቴስታ»፣ የቅጣት ምቱ «ሪጎሬ» ይባላል፤ ሦስት ኮርነር ያገኘ ቡድንም አንድ ሪጎሬ ይመታል፤ ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በየትኛውም የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደንብ ውስጥ አይገኝም። ቡድን የሚከፍለው፣ ጎል መግባቱን የሚወስነውና ጨዋታውን የሚዘጋው የኳሱ ባለቤት ነው፤ እናቱ ለእራት ስትጠራው ውጤቱ ምንም ቢሆን ጨዋታው አለቀ። ሆኖም ይህን ሜዳ መናቅ አይገባም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው በሰፈር ወጣቶች ተነሣሽነት ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ካነሣ በኋላ በየሰፈሩ የቡድኑን ተጫዋች መንግሥቱ ወርቁን ለመሆን የማይጣላ ልጅ አልነበረም።

የሰፈሩ ልጆች የሒሳብ ችሎታ የሚፈተነው በነሐሴ 13 የሚከበረው የቡሄ በዓል ሲቃረብ ነበር። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ወንዶች በየቤቱ እየዞሩ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሲያዜሙ በገጠሩ ወግ የሚሰጣቸው ሙልሙል ዳቦ ሲሆን፣ በከተማ ግን ሳንቲም እየበዛ በመሄዱ ከባድ የአስተዳደር ችግር ተፈጠረ፤ ዳቦ ወዲያው ይቆረሳል፣ ገንዘብ ግን ያዥ ያስፈልገዋል። ያዡ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኪሱ ያልተቀደደ ስለሆነ እንጂ ስለታማኝነቱ አልነበረም፤ የክፍፍሉ ጠብ እስከ እንቁጣጣሽ ሲዘልቅ፣ ያን ጊዜ ሴቶቹ በአበባየሆሽ፣ ወንዶቹ በየቤቱ በሚያድሉት የአበባ ሥዕል አዲስ የሒሳብ ዓመት ይከፍታሉ።

ይህን በደጅ የተበተነ ልጅነት ወደ አንድ ሳሎን የሰበሰበው ቴሌቪዥን ነው። ሥርጭቱ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሣሪያው ያለበት ቤት ከጊዜ በኋላ ሳይፈልግ የሰፈር ተቋም ሆነ፤ ልጆቹ ጫማቸውን ከበር አውልቀው መሬት ላይ ተደርድረው ተረት የሚነግሩአቸውን አባባ ተስፋዬን፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉን ይጠብቃሉ፤ የባለቤቱ ልጅም የኳሱ ባለቤት በሜዳ ላይ የነበረውን ሥልጣን በሳሎን ይወርሳል፤ ትናንት ብይ ያልሰጠው ልጅ ዛሬ በመስኮት እንዲያይ ይፈረድበት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ የአነስተኛ ኪራይ ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ የቀድሞ አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ እኩል ጎረቤት ሆነው ተገናኙ፤ የትልልቆቹ ቂም ለዓመታት የዘለቀ ሲሆን፣ የልጆቹ ጉዳይ ግን የግቢው በር ከእንግዲህ ስለማይቆለፍ ሜዳው በመስፋቱ ላይ የተወሰነ ነበር።

የሰፈሮቹ መፍረስ ቀስ ብሎ የጀመረው በ1990ዎቹ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲነሡ ፍጥነቱ ጨመረ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲበተን ዕድሩን ይዞ ለመሄድ በብዙ ቦታ ሞክሯል፤ ስለዚህ ዛሬ ለቀብር ሁለት ታክሲ የሚቀይር የድሮ ጎረቤት ማየት የተለመደ ነው። የታክሲ ረዳቶችም ቤቱ የሌለውን ሰፈር በቀድሞ ስሙ መጥራታቸውን አልተዉም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናትም ልጇን ለዳቦ ስትልከው ምራቅ ሳይደርቅ እንዲመለስ ታዘዋለች፤ ምራቁ ግን አይተፋም፤ ደረጃው የሚወለወለው በየተራ ነው።