«ሙሌት»፦ ያረጀ የፒክአፕ ሞተር ጉልበቱን የሚያጣበትና የሚያገኝበት

ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ጭኖ ወደ ሐረር የሚወጣ አሮጌ ፒክአፕ የደንገጎ አቀበት ላይ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። ማርሹ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ ከኋላው የሚወጣው ጭስ ይጠቁራል። ሾፌሩ «ጉልበት አጣ» ይላል። ረዳቱ ደግሞ «ናፍጣ አንሶት ነው፣ ፓምፑን ከፈት ማስደረግ ነው» ብሎ ይመክራል። ሾፌሩ እውነቱን ነው። የረዳቱ ምክር ግን ሞተር ይገድላል። ለምን እንደሚገድል ለማየት፣ በየጋራዡ በአማርኛ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝኛ የሞተር መጻሕፍት «ቮልዩሜትሪክ ኤፊሸንሲ» ይሉታል። አንድ ሲሊንደር በስፋቱ ልክ ሊይዝ ከሚችለው አየር ውስጥ፣ ፒስቶኑ አንዴ ወርዶ ሲስብ በእርግጥ የገባለት ስንት በመቶው ነው? ትርጉሙ ይኸው ነው።

ምን እንበለው? ጋራዣችን ቃል መዋስ አይፈራም፤ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። እነዚህ ግን በእጅ የሚነኩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዕቃውን ያየ ስሙን ይይዛል። የማይታይ መጠን ሲሆን ስሙ ራሱ ነገሩን ቢናገር ይሻላል። ቃል በቃል «ይዘታዊ ብቃት» ብንለው አይከፋም፤ ግን ቅባት በቅባት የሆነ መካኒክ አፍ ላይ አይቀመጥም። «ሙላት» ይቀላል፤ ነገር ግን ሙላት የወንዝ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝን ጎርፍ ላየ የድሬ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳል። እኔ «ሙሌት» እላለሁ። የጥርስ ሐኪሙም መንገድ ሠሪውም የሚጠቀሙበት ቃል ነው፤ ባዶ ቦታ በምን ያህል ተሞላ እንደማለት። «የሲሊንደር ሙሌት»፣ ሲያጥር «ሙሌት»።

በቁጥር እንየው። ድሬና ሐረር ለረጅም ዘመን የፔጆ 404 አገር ነበሩ፤ ታክሲው እሱ ነበር። ፔጆ 404ን በ1960 እ.ኤ.አ. ገበያ አወጣው፤ ፒክአፑም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። የታወቀው የቤንዚን ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር 1,618 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 84 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ሩጫ 73 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር 404 ሲሲ ይደርሰዋል። (የመኪናው ስም ከዚህ የመጣ እንዳይመስልዎ። መሐሉ ዜሮ የሆነ ቁጥር መስጠት የፔጆ ልማድ ነው፤ ይኼኛው ግጥምጥሞሽ ነው።) ፒስቶኑ ሲወርድ ከ404ቱ ውስጥ የገባው 323 ሲሲ ብቻ ከሆነ ሙሌቱ 80 በመቶ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ማስገቢያና አንድ ማስወጫ ቫልቭ ብቻ ያላቸው የድሮ ሞተሮች፣ ጤነኛ ሆነውም፣ ብዙውን ጊዜ በዚሁ አካባቢ ነው የሚውሉት።

ለምን አይሞላም? ጊዜ የለውማ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ስበት የሚፈጀው የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት አየሩ ማጣሪያውን፣ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ፣ የማስገቢያውን ቱቦ፣ በመጨረሻም ጠባቧን የቫልቭ በር ማለፍ አለበት። ካለፈው ዙር ሳይወጣ የቀረ ጭስ ደግሞ ከውስጥ ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሙሌቱ ይወርዳል። ነዳጁን መስደድ መካኒክ በአንድ ብሎን የሚያስተካክለው ነገር ነው፤ አስቸጋሪው አየሩ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አገራችን የሞላው የቶዮታ ሃይሉክስ 2ኤል የናፍጣ ሞተር 2,446 ሲሲ ነው፤ በ3,000 ዙርና በ80 በመቶ ሙሌት በደቂቃ 2,900 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ወደ 15 በርሜል መሆኑ ነው፣ በየደቂቃው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። ደንገጎ ሙሌትን አይቀንስም። ሙሌት የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው፤ 80 በመቶ የሚሞላ ሞተር ሜዳም ላይ አቀበትም ላይ 80 በመቶ ገደማ ይሞላል። የሚቀንሰው የአየሩ ክብደት ነው። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ሙቀቷ አለ። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ያው ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። በመደበኛው ስሌት ይህ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ አየር ነው። ድሬ ላይ ገና አቀበቱን ሳይጀምር መኪናው ከአቀበቱ በላይ ሐረማያ ላይ የቆመ ያህል አየር አጥሮታል ማለት ነው። ደንገጎ በዚህ ላይ ጥቂት ይጨምርበታል፤ የሚወቀሰው ግን እሱ ብቻ ነው። ሙቀቱ ስለማይታይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጭስ እንመለስ። የድሮው የናፍጣ ፓምፕ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ከፍታን የሚያርም ተጨማሪ ዕቃ ካልተገጠመለት በስተቀር ሜዳ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ አቀበት ላይም ይሰጣል። አየር ያላገኘው ትርፍ ናፍጣ በከፊል ተቃጥሎ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጭስ እንግዲህ «ናፍጣ በዛብኝ፣ አየር አነሰኝ» የሚል የሞተሩ አቤቱታ ነው። በዚህ ላይ ፓምፑን መክፈት የአቤቱታውን ተቃራኒ ማድረግ ነው። ለጥቂት ቀን መኪናው የተሻለው ይመስላል፤ ቀጥሎ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ፒስቶኑና ቴስታታው ይቀጣሉ። የቤንዚኑ ካርቡሬተርም የራሱ ችግር አለው፤ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠለል የተለካ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ካንዴላውን የሚያጠቁረው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው።

እንግዲህ «ጉልበት ልጨምር» የሚለው ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ፦ የጠፋው ሙሌት የት ነው የጠፋው? ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ሞተር ሲወለድ የነበረውን ጉልበት እንኳ አይሰጥም፤ አብዛኛው «ጭማሪ» የጠፋውን መመለስ ነው። የአየር ማጣሪያው ይቅደም። በድሬ አቧራ የመጽሐፉ የመቀየሪያ ቀጠሮ አይሠራም፤ ወረቀቱን በኮምፕሬሰር እየነፉ መልሶ መግጠምም ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው አሸዋ የሲሊንደሩን ግድግዳና ፋሻውን ይበላል። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት። ክፍተቱ ከሰፋ ቫልቩ ዘግይቶና አንሶ ይከፈታል፣ ሙሌቱም ያንሳል። ከጠበበ ደግሞ በደንብ ስለማይዘጋ የገባው አየር ታምቆ ሳያልቅ ያመልጣል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ይህን አስተካክሎ ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ከጓደኞቹ በጣም ከወረደ፣ ሌላ ምንም ወጪ ከማውጣት በፊት እሱ መፈወስ አለበት። የታይሚንግ ቺንጋው አንድ ጥርስ ዘልሎ ከተገጠመ ቫልቮቹ ሁሉ ያለ ሰዓታቸው ይከፈታሉ፤ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ አይጎትትም። ማርሚታው ውስጡ ከተደፈነ ጭሱ ሳይወጣ አዲሱ አየር አይገባም።

አየሩ ከየት እንደሚሳብም ይታይ። ሙቀቱ በየ3 ዲግሪው አንድ በመቶ ያህል የአየሩን ክብደት ይወስዳል። ማጣሪያው ከራዲያተሩ ጀርባ የጋለ አየር የሚስብ ከሆነ፣ ከፊት ለፊት ከውጭ የሚስብ ቱቦ መዘርጋት በጣም ርካሹ ጭማሪ ነው። ትልቅ ጎማ ገጥመው «ሞተሩ ደከመ» የሚሉም አሉ። እሱ ሞተርን አይመለከትም፤ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሱ።

ከዚህ በላይ መሄድ የሚሻ ቴስታታውን አስወርዶ መተላለፊያዎቹን ማስጠረብ፣ ጭሱን ለየብቻ የሚያስወጣ ቱቦ ማስገጠም፣ ቴስታታውን አስልጎ እምቃቱን (ኮምፕሬሽኑን) ከፍ ማድረግ ይችላል። ጥቂት ፈረስ ጉልበት ይገኛል፤ በድሬ ሙቀት ግን እምቃት የጨመረ የቤንዚን ሞተር ማንኳኳት ሊጀምር ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

ሙሌትን ከመቶ በላይ የሚያደርሰው ተርቦ ነው። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው፦ በከንቱ በሚወጣው ጭስ ጉልበት አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ መግፋት። ለእኛ ዓይነት አገር ያለውን ጥቅም ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. አሳየ። 350 ፈረስ ጉልበት የነበረውን የሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወደሚገኘው 4,300 ሜትር ወደሚሆነው የፓይክስ ተራራ አናት አወጣው። ያለ ተርቦ ጉልበቱ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦው ሲሠራ 356 ሆነ። ተራራው የወሰደውን ከነትርፉ መለሰለት።

ታዲያ አሮጌው 2ኤል ላይ ተርቦ እንግጠም? ቶዮታ ራሱ በዚያው 2,446 ሲሲ ላይ ሞክሮታል፤ 2ኤል-ቲ ይባላል። ጉልበቱ ተሻለ፤ ሞተሩ ግን በሙቀት ቴስታታው በመሰንጠቅ ስሙ ከፋ። ፋብሪካው በልኩ አስቦ የሠራው እንዲህ ከሆነ፣ በዕድሜ በደከመ ሞተር ላይ የሰው ተርቦ አምጥቶ መለጠፍ ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም። ተጨማሪ አየር ተጨማሪ እሳት ነው፤ ራዲያተሩ፣ የዘይቱ ግፊትና ኖዝሎቹ ሁሉ ያንን እሳት መቻል አለባቸው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሙሌቱን ወደ ነበረበት ይመልሱ፣ አየሩን ከውጭ ያስቡት፣ ፓምፑን አይንኩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ደንገጎን በጭነት የማይችል ከሆነ ጭነቱን ይቀንሱ፤ አለዚያም ሲፈጠር ተርቦ ይዞ የተወለደ፣ እንደ ቶዮታ 1ኬዜድ ያለ ባለ 2,982 ሲሲ ሞተር ሙሉውን ያስገጥሙ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አይርሱ፦ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ከመቀየርዎ በፊት የሚገዙት ሞተር ሕጋዊ ሰነድ እንዳለው ያረጋግጡ፤ እንደቀየሩም መንገድ ትራንስፖርት ቀርበው ያስመዝግቡ።