አዝጋሚ የጨረር ጭማሪ፦ ያማረ ራጅ የሚደብቀው

የአንድ ዓመት ሕፃን የደረት ራጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት ብሎ ሲወጣ ቅር የሚለው ሰው የለም። ሐኪሙ ያመሰግናል፣ ባለሙያው ቀጣዩን ተራ ይጠራል፣ እናትም ልጇን አቅፋ ትወጣለች። ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ጨረር እጥፍ ወስዶ ቢሆንስ? ምስሉ ይህን አይናገርም። በራጅ ሙያ «ዶዝ ክሪፕ» የሚባለው ችግር ይኸው ነው፤ በአማርኛ «አዝጋሚ የጨረር ጭማሪ» ብንለው የሚገልጸው ይመስለኛል። «ሰርጎ ገብ ጨረር» ማለትም ይቻል ነበር። ነገር ግን ሰርጎ ገብ ክፉ አስቦ የሚመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ክፉ ያሰበ የለም፣ ሁሉም የፈለገው ጥሩ ምስል ነው።

በፊልም ዘመን ችግሩ እንዲህ መደበቂያ አልነበረውም። ጨረሩ ከበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ካነሰ ይነጣል፤ ባለሙያው ፊልሙን አጥቦ ሲያወጣ ጥፋቱን በዓይኑ ያየዋል። ዲጂታሉ ማሽን ግን ብሩህነቱን ራሱ ያስተካክላል። ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሐኪሙም ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይመልሰዋል። ሲበዛ ግን ጭራሽ ያምራል። እንግዲህ ቅሬታው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ ባለሙያው ምን ያደርጋል? ለጥንቃቄ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ትንሽ። በሥሩ የሚለማመደው ጀማሪ ይህንኑ ከፍ ያለ ልክ እንደ ደንብ ይወርሰዋል። ይጨመር ብሎ የወሰነ ሰው ግን አይገኝም።

አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር በጣም ጥቂት ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን ራጅ ወላጅ ፈርቶ ቢያስቀር የባሰ ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ያም ሆኖ የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስታወቀው፣ ከካንሰር ዓይነቶች ሩብ በሚሆኑት ላይ ልጆች ከአዋቂዎች ይበልጥ ለጨረር ተጋላጭ ናቸው፤ የደም፣ የታይሮይድ፣ የጡትና የአንጎል ካንሰር ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። በዚያ ላይ «ልጅ» የሚለው ቃል 1 ኪሎ የማይሞላውን ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላም፣ 70 ኪሎ የሚመዝነውን ጎረምሳም ያጠቃልላል። ማሽኑ ላይ «ልጅ» የሚል አንድ ምርጫ ብቻ አስቀምጦ ለሁለቱም መጠቀም የጭማሪው አንዱ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው «ኢሜጅ ጀንትሊ» ዘመቻ መጀመሪያ ያተኮረው በሲቲ ስካን ላይ ነበር፤ በ2011 ወደ ተራው ዲጂታል ራጅ የተመለሰበት ምክንያትም ይኸው የልክ ጉዳይ ነው።

የራጅ ባለሙያዎች ሥልጠና ቢሆን ቢሆን ከጨቅላው ደረት መጀመር አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የሕፃናት ራጅ መመሪያ ለአራስ ደረት ከ60 እስከ 65 ኪሎቮልት፣ ከ4 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ፣ ያለ ግሪድ ይላል። ግሪድ የተበተነ ጨረርን የሚያስቀር፣ ቀጫጭን የእርሳስ ስንጣሪዎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። ለአዋቂ ሆድ ግድ ነው፤ የአራስ ደረት ግን ቀጭን ስለሆነ የሚበትነው ጨረር ጥቂት ነው። ከቀዳሚው ታካሚ የቀረ ግሪድ ሳይወጣ ሕፃኑ ራጅ ከተነሳ፣ ግሪዱ ያስቀረውን ለማካካስ ብቻ ጨረሩን በብዙ እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል። ምስሉ ላይ ምንም አይታይም።

ሌላው ስውር ቦታ የምስሉ ጠርዝ ነው። ጨረሩ የሚያርፍበት የብርሃን አራት ማዕዘን ሳንባውን ብቻ ሊከብ ሲገባው፣ ሕፃኑ ይንቀሳቀስብኛል ብሎ የሰጋ ሠልጣኝ ከአገጭ እስከ ጉልበት ይከፍተዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቆርጦ ያሳምረዋል። ተቆርጦ የተጣለው ሆድ ግን ድርሻውን ጨረር ወስዷል። እኔ አሠልጣኝ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው ሳይቆረጥ የወጣውን ምስል ነው። መድኃኒቱ ሰፊ መክፈት ሳይሆን ሕፃኑን በወጉ ማስያዝ ነው፦ የእርሳስ ሽርጥ የለበሰች እናት፣ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ አስቀድሞ ተጠይቆ፣ ክንዶቹን ከጆሮው ጎን ትይዛለች፤ ባለሙያው ሆዱን እያየ፣ ለቅሶው ተቋርጦ አየር ሲስብ ቁልፉን ይጫናል።

ዓይን ካልታመነ የሚታመነው ቁጥር ነው። ማሽኖች ምስሉን በሚቀበለው ሰሌዳ ላይ የደረሰውን ጨረር በቁጥር ይገልጻሉ፤ ችግሩ ቀድሞ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቋንቋ ነበረው። ጨረሩ እጥፍ ሲሆን የፉጂው ቁጥር በግማሽ ይወርድ ነበር፣ የኮዳኩ ግን በ300 ይወጣ ነበር። በአንዱ የሠለጠነ ባለሙያ ሌላው ጋ ሄዶ ቁጥሩን ገልብጦ ቢያነበው አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ አድርጎታል። ከእርሱ ውስጥ ለሠልጣኝ የሚጠቅመው «ዲቪዬሽን ኢንዴክስ» ነው፤ «የልዩነት ቁጥር» እንበለው። 0 ከሆነ ጨረሩ ልኩን መትቷል። +1 ማለት ሩብ ያህል ትርፍ፣ +3 እጥፍ፣ +6 አራት እጥፍ ነው፤ −3 ደግሞ ግማሽ። ሦስት ትንሽ ቁጥር ስለሚመስል የማይደነግጥ ሠልጣኝ ብዙ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። የሚነግረን ሰሌዳው ላይ የደረሰውን እንጂ የሕፃኑ ሰውነት የወሰደውን አይደለም። 0 የተባለበትም ልክ ቢሆን ሆስፒታሉ ለየአካል ክፍሉና ለየዕድሜው አስቀድሞ ያስገባው ነው፤ ለአዋቂ የተሞላው ልክ ለሕፃን ከተተወ፣ 0 ማለት በአዋቂ ልክ ተነስቷል ማለት ብቻ ይሆናል።

ቁጥር ማንበብ አዲስ የተማረ ሠልጣኝ +4 ሲያይ ራጁን ልድገመው ሊል ይችላል። አይደገምም። ምስሉ እስከተነበበ ድረስ ትርፉ ጨረር አንዴ ገብቷል፤ መድገም በላዩ ሌላ መጨመር ነው። ቁጥሩ ከሕፃኑ ክብደትና ከተመረጠው ልክ ጋር ይመዘገብና ለክፍሉ ኃላፊ ይደርሳል፣ ለቀጣዩ ሕፃን የሚሠራበት ልክም ከዚያ ይታረማል።